ቢላው ይቆይ፣ መድኃኒቱ ይቅደም

ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ፣ ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ሴት ከዘመድ አዝማድ የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ዛሬ ነገ ሳትይ አስወጪው!» ባሏ ይላታል፤ እህቶቿ ይሏታል፤ አዲስ አበባ ያለ ልጇ በስልክ ይላታል። ነጭ ጋዋን ከለበሱት መካከልም እንዲሁ የሚሉ አሉ። ሐኪሙ «መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ኬሞ ይወስዳሉ፤ ኦፕራሲዮኑ ከዚያ በኋላ ነው» ያላት ዕለት የቤተሰቡ ፊት ይጠቁራል። «ተስፋ ቆርጠውባት ነው።» «ጊዜዋን እያባከኑባት ነው።» «ሌላ ሐኪም ቤት ወስደን እናስቆርጥላት።» በግ ተሽጦ፣ ብድር ተለምኖ ገንዘቡ ይሰበሰባል፤ ቶሎ የሚቆርጥላት ሐኪምም አይታጣም።

ይህ አመለካከት የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የሚከፈለው በእናቶቻችንና በእህቶቻችን ነፍስ ነው። ለሁሉም ሴት መድኃኒት ይቅደም አልልም። ዕጢዋ ትንሽ የሆነና ብብቷ ውስጥ ምንም ያልተገኘባት ሴት በቀጥታ ቀዶ ጥገና ብታደርግ ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው። የምከራከረው ዕጢያቸው ለገፋ፣ ቆዳቸውን ለነካ ወይም ብብታቸው ለገባ ሴቶች ነው። በአገራችን ሐኪም ቤት ከሚደርሱት የጡት ካንሰር ሕሙማን አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ለእነሱ መድኃኒቱ ሊቀድም ይገባል።

«ቶሎ ይቆረጥ» የሚሉ ሰዎች ግን ያለ ምክንያት አይናገሩም። አራት ብርቱ ነጥቦች አሏቸው። አንደኛው፣ ካንሰር ያድጋል፣ ይሰራጫል፤ ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ለመድኃኒት ተብሎ የሚባክን ወር ሁሉ ለበሽታው የተሰጠ ወር ነው ይላሉ። ሁለተኛው መንገዱ ነው። የመንዝ ሰው በጣርማ በር ዞሮ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ መውረድ አለበት፤ የመርሐ ቤቴ ሰው የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ በለሚና በሙከጡሪ ይሄዳል። በየሦስት ሳምንቱ ለኬሞ ከመመላለስ አንዴ ሄዳ ተገላግላ ብትመለስ አይሻልም ወይ? ሦስተኛው፣ ኬሞ ጸጉር ያረግፋል፣ የደም ሴሎችን ያወርዳል፣ ያዝላል፤ የደከመች ሴት ኦፕራሲዮን አትችልም ይላሉ። አራተኛው፣ ዕጢው ሲሟሽሽ «ዳንኩ» ብላ ትቀራለች፤ ቀዶ ጥገናውም ሳይደረግ፣ ካንሰሩም ሳይወጣ ይቀራል ይላሉ። አራቱም ነጥቦች እውነት የሚመስል ነገር አላቸው። አራቱም ግን ሲመረመሩ ወደ ተቃራኒው መደምደሚያ ያደርሳሉ።

ከመዘግየቱ ልጀምር። ካንሰርን በቶሎና በሰፊው መቁረጥ ያድናል የሚለው እምነት የመንዝ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት ንፍፊቶችን አንድ ላይ አንሥቶ የሚያወጣ ቀዶ ጥገና አስፋፋ። ሐሳቡ ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ጎረቤት አካል ይዘልቃል፤ ስለዚህ ቀድሞና አስፍቶ የቆረጠ ያሸንፈዋል የሚል ነበር። ዓለም ለሰባ ሰማንያ ዓመት ይህን አመነ፤ ሴቶች ክንዳቸውን ማንሣት እስኪያቅታቸው ድረስ ተቆረጡ። በኋላ በርናርድ ፊሸር የተባለ የፒትስበርግ ቀዶ ሐኪም እምነቱን በጥናት ፈተነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረውና 25 ዓመት የተከታተለው ጥናቱ ያን ሁሉ የተቆረጡት ሴቶች በጥቂቱ ከተቆረጡት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳልኖሩ አሳየ። ለምን? ምክንያቱም የሚገድለው ጡት ላይ የሚዳሰሰው ዕጢ አይደለም። የሚገድሉት አስቀድመው በደም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት የሄዱትና በዓይን የማይታዩት ሴሎች ናቸው። ቢላ እዚያ አይደርስም። መድኃኒት ይደርሳል።

ይኸው ፊሸር እና ባልደረቦቹ የእኛን ጥያቄ ራሱን ፈተኑት። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1993 ባለው ጊዜ 1,523 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለሁለቱም ወገን ቀዶ ጥገና ተደረገ፤ ለሁለቱም አራት ዙር ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ተሰጠ። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ወገን መድኃኒቱን ከቀዶ ጥገና በፊት፣ ሌላው በኋላ ወሰደ። መዘግየቱ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ዕጢያቸው ጡታቸው ውስጥ እንዳለ ወራት ያሳለፉት ሴቶች በብዛት መሞት ነበረባቸው። አልሞቱም። በሕይወት በመቆየት ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። መድኃኒት ቀድመው ከወሰዱት 10 ሴቶች መካከል የ8ቱ ዕጢ ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 10 ጥናቶችንና 4,756 ሴቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ታተመ፤ በሞትም ሆነ ወደ ሌላ አካል በመሰራጨት ልዩነት አላገኘም። «እየጠበቁ ያስገድሏታል» ለሚለው ክስ ታዲያ ምን ማስረጃ ቀረለት?

ያው ሥራ ለተቃራኒው ወገን የሚጠቅም አንድ ነገርም አግኝቷል፤ አልሸሽገውም። መድኃኒት ከቀደመላቸው ሴቶች ከ100 ወደ 21 በሚሆኑት ላይ ካንሰሩ በ15 ዓመት ውስጥ እዚያው ጡት ወይም ደረት አካባቢ ተመልሷል፤ ቀዶ ጥገና ከቀደመላቸው ደግሞ ከ100 በ16ቱ ላይ። ዋነኛ ምክንያቱ ግን ይህ ይመስላል፤ ዕጢው ስለቀነሰ ብዙ ሴቶች ጡታቸው ሳይወጣ ዕጢው ብቻ ወጣላቸው። በእኛ አገር ለገፋ ዕጢ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ስለሆነ ይህ ልዩነት የእኛን ሴቶች ያን ያህል አይመለከትም። እዚያም ቢሆን በሞት ቁጥር ላይ ለውጥ አላመጣም።

«ውጤቱ እኩል ከሆነ ታዲያ ስለ ቅደም ተከተል ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል ይኖራል። የክርክሩ እምብርት እዚህ ነው። በእነዚያ ጥናቶች ውጤቱ እኩል የሆነው ሁለቱም ወገኖች ሁለቱንም ሕክምና ስላገኙ ነው። በእኛ ደጋ ሁለተኛው ይቀራል። ጡቷ ተቆርጦ የተመለሰች ሴት «ተገላገልሽ፣ እግዜር ይመስገን» ትባላለች። ቁስሉ እስኪድን ትጠብቃለች፤ ጾሙ ይገባል፤ እርሻው ይደርሳል፤ የሚሸጥ በግ አልቋል። የሚታይ ዕጢ የለም፤ የሚያም ነገር የለም። ከእንግዲህ ጸጉሯን የሚያረግፍ፣ የሚያስመልሳት መድኃኒት ፍለጋ አዲስ አበባ ውረጂ ቢሏት ለምን ብላ ትሄዳለች? በካሊፎርኒያ ከ24 ሺህ በላይ ሴቶችን የመረመረ ጥናት ከቀዶ ጥገና በኋላ ኬሞ ከ90 ቀን በላይ የዘገየባቸው ሴቶች ይበልጥ እንደሞቱ አሳይቷል። ያ አስፋልትና መድን ባለበት አገር ነው። ከግሼ ራቤል ለምትነሣ ሴት 90 ቀን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ አራተኛውን ነጥብ እዚሁ ላንሣው። «ዕጢው ሲቀንስላት ዳንኩ ብላ ትቀራለች» የሚሉ ሰዎች ትክክለኛ አደጋ አይተዋል። ከሦስት ዙር ኬሞ በኋላ ዕጢዋ በእጅ አልዳሰስ ያላት ሴት ጻድቃኔ ማርያም ተጠምቃ ከነበረ ፈውሱን ለጸበሉ ሰጥታ ከቤቷ ልትቀር ትችላለች። ግን ከሁለቱ ሴቶች ዳንኩ ብላ ለመቅረት ይበልጥ የምትቀርበው የትኛዋ ናት? ጡቷ ገና ያለ፣ የኦፕራሲዮን ቀኗ ካርዷ ላይ የተጻፈ፣ «ያለቀው ግማሹ ነው» የተባለችው ናት? ወይስ ጡቷ ተቆርጦ ወጥቶ «አለቀ» የተባለችው? ከቢላ በኋላ መቅረት ይቀላል፤ ምክንያቱም ቢላ ሥራው ያለቀ ያስመስላል። የመጀመሪያው አደጋ ደግሞ መድኃኒት አለው። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ዙር በፊት፣ ባሏና እህቷ ባሉበት፣ «ዕጢው ቢጠፋም ቀዶ ጥገናው አይቀርም፤ በእጅ የማይዳሰስ ሴል ይቀራል» ብሎ ይንገራት። ዕጢው ያለበት ቦታ ገና ሳይሟሽሽ በትንሽ ብረት ወይም በቆዳ ላይ በሚሠራ ምልክት ይታወቅ። ጸበሉንም ቢሆን መከልከል አያስፈልግም፤ ትጠመቅ፣ ቀጠሮዋንም ታክብር።

አሁን ደግሞ ቢላ ቀድሞ የሚገባበትን ደረት ቀርበን እንመልከተው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ያልተሰራጨባቸው 1,070 ኢትዮጵያውያን ሴቶች ተጠንተው ነበር፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ዓመት፣ የዕጢያቸው መካከለኛ መጠን ደግሞ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ነበር። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነና ከዚያም ያለፈ ዕጢ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። ቆዳውን ወደ ውስጥ ስቦ ይዞታል፤ የጡቱ ጫፍ ገብቷል፤ ብብት ውስጥ እርስ በርስ የተጣበቁ ንፍፊቶች ይዳሰሳሉ። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሲቆርጥ ጤነኛ ቆዳ ያጥረዋል፤ ቁስሉን ለመዝጋት ይወጥረዋል፤ ካልበቃው ከጭን ቆዳ ያነሣል። ከጠርዙ የቀረ ካንሰር ካለ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠባሳው ላይ እባጭ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ካንሰሩም አለ፣ ቁስሉም አለ፣ ገንዘቡም የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል ገና ላልተቃጠለው ነው የተነገረው። ለዚች ሴት እሳቱ ከተነሣ ቆይቷል።

መድኃኒት ቀድሞ ሲገባ የሚሆነውን ደግሞ እንይ። ጠዋት ደም ይቀዳል፤ ነጭ የደም ሴሏ ከበቃ ትመዘናለች፤ ሐኪሙ ሜትሩን ዘርግቶ ዕጢውን በቁመትና በወርድ ይለካና ካርዷ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ በደም ሥሯ ይገባል። ከ21 ቀን በኋላ ስትመለስ ያው ሜትር ያው ቦታ ላይ ይዘረጋል። 7 የነበረው 5፣ 5 የነበረው 3 ሲሆን መድኃኒቱ መሥራቱን ሐኪሙም፣ እሷም፣ አብሯት የመጣው ባሏም በዓይናቸው ያያሉ። ይህን ዕድል ዕጢዋ አስቀድሞ የተቆረጠባት ሴት አታገኘውም። ለእሷ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ የሚለካበት ነገር ተቆርጦ ተጥሏል፤ የምታውቀው በሽታው ሲመለስ ነው።

መለኪያው ለሐኪሙ የሚሰጠው ጥቅም አለ። መድኃኒቱ ካልሠራ ይቀየራል፤ ወይም ቀዶ ጥገናው ይፋጠናል። «እየጠበቁ ዕጢው ቢያድግስ?» ይባላል። በአሜሪካ ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማእከል 1,928 ሴቶች ተጠንተው በኬሞ ወቅት ዕጢያቸው ያደገባቸው ከ100 ወደ 3 ነበሩ። እነሱንም የሚያስታውቀው በየዙሩ የሚደረገው ልኬት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ በወጣው ጡት ውስጥ ሕያው ካንሰር ቀርቶ ከሆነ ሴትዮዋ ተጨማሪ መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት ይታወቃል። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ እንዲህ ካንሰር የቀረባቸው 910 ሴቶች ተጠንተው ካፔሲታቢን የተባለውን እንክብል ከወሰዱት መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ100 ወደ 89 ሲሆኑ ካልወሰዱት ደግሞ ወደ 84 ነበሩ። ካፔሲታቢን የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ዘመሮ ወይም ወገሬ ሆና ልትወስደው ትችላለች። ይህን እንክብል ለማን መስጠት እንደሚገባ የሚነግረን መድኃኒት የማስቀደሙ መንገድ ነው።

«ኬሞ ያዳክማታል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ እውነት ነው፤ ግን ለየትኛው ወገን ይመሰክራል? ኬሞ የሚያስፈልጋት ሴት ከቢላ በፊትም ሆነ በኋላ ያው ኬሞ ነው የሚሰጣት። መዳከሙ በሁለቱም አለ። ልዩነቱ፣ አስቀድማ ስትወስደው ደረቷ ላይ የተከፈተ ቁስል የለም። ቀዶ ጥገናውም ኬሞው በተጠናቀቀ ማግስት አይደረግም፤ ደሟ እስኪመለስ ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል። መጠንቀቅ ያለብን ትኩሳትን ነው። ኬሞ የወሰደች ሴት ትኩሳቷ 38 ካለፈ «ብርድ ነው» ተብሎ ባና ደርባ መተኛት የለባትም፤ በዚያው ቀን የመሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም የዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ከሁሉም የሚከብደው የመንገዱ ነገር ነው፤ ችግሩን ለማቃለል አልሞክርም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው በቀጠለው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ እየተዘጋ፣ ሕመምተኛ ግማሽ መንገድ ላይ እየተመለሰ ነው። ግን ሒሳቡን በቅንነት እንሥራው። ኬሞ ለሚያስፈልጋት ሴት የጉዞው ቁጥር አንድ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት ዙር መድኃኒትና አንድ ቀዶ ጥገና። ቅደም ተከተሉን መቀየር አንድም ጉዞ አይጨምርም፣ አንድም አይቀንስም። «አንዴ ሄዳ ተገላግላ ትምጣ» የሚለው ምክር ጉዞ የሚያሳጥረው ኬሞውን በመተው ብቻ ነው። እንግዲያው የምንላት «ቶሎ ታከሚ» አይደለም፤ «ግማሹን ታክመሽ ቅሪ» ነው። በወለጋ አይራ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ዋናው ሕክምናቸው የነበረ የገጠር ሴቶች ሲጠኑ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም ነበር። «አንዴ ተቆርጦ ይለይለት» የሚለው ምክር መጨረሻው ይህ ነው።

ደግሞስ ከመድኃኒት ሁሉ ኬሞ ብቻ ነው ያለው? ከ352 ኢትዮጵያውያን ሴቶች የተወሰደ ናሙና ሲመረመር ከ100 የ65ቱ ዕጢ በኤስትሮጅን ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። የወር አበባዋ የቆመ፣ ዕጢዋ የዚህ ዓይነት የሆነ ሴት ሆርሞኑን የሚከለክል እንክብል በየቀኑ ቤቷ ሆና እየወሰደች ዕጢው እስኪቀንስ መጠበቅ ትችላለች፤ መንገዱ ሲከፈት ወደ ቀዶ ጥገናው ትሄዳለች። ይህ የሚቻለው ግን የዕጢው ዓይነት አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ለዚያ ደግሞ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙና ሲባል «መርፌ ከነካው ይበተናል» የሚለው ፍርሃት ይነሣል፤ ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በዓለም ዙሪያ የጡት ካንሰር ሕክምና የሚጀመረው በመርፌ ናሙና ነው። ቁራጯ በፎርማሊን ተነክራ በአውቶቡስ ወደ ላቦራቶሪ ልትሄድ ትችላለች፤ ሴትዮዋ አብራት መጓዝ አያስፈልጋትም። ካንሰር መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ዓይነቱ ሳይታወቅ፣ ቀድሞ ጡት መቁረጥ ግን ትጋት ሊባል አይገባውም፤ ጭለማ ውስጥ መቁረጥ ነው።

ቀዶ ሐኪምን የምናቃልል ሰዎች አይደለንም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ የሚጠራው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ በታላቁ ቀዶ ሐኪም ስም ነው። ይህ ጽሑፍም ቢላ ይቅር አይልም፤ ቢላ በተራው ይግባ ነው የሚለው። ዕጢው ከቀነሰ፣ ቆዳው ከለቀቀ፣ የብብቱ ንፍፊት ከተላቀቀ በኋላ የሚገባ ቢላ ጥራት ያለው ሥራ ይሠራል። ለቀዶ ሐኪሙ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም።

«መድኃኒት ቀደመ ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለት ነው» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ተስፋ የተቆረጠባት ሴት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ አይሰጣትም። ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞ የምትጀምር ሴት ለመዳን የታቀደላት ሴት ናት። ቤተሰቧ ያን ቀን ማልቀስ የለበትም፤ የሚሸጠውን በግ ለየዙሩ መከፋፈል፣ አዲስ አበባ ማረፊያ መፈለግ፣ የሚሸኛትን ሰው መመደብ ነው ያለበት።

መንግሥትም የሚሠራው አለው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው፣ 9 ሺህ ያህሉም በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ይገመታል። ይህን ያህል ሕመምተኛ ባለበት አገር ደብረ ብርሃን ኬሞ ሳይቆራረጥ የሚሰጥበት ከተማ ሊሆን ይገባዋል። የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ ሆስፒታሎች ናሙና ወስደው መላክ፣ በዙሮች መካከል ደም መመርመር፣ ትኩሳት ሲመጣ ማከም ይችሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ የካንሰር መድኃኒትን ከነምርመራው ይሸፍን። በሪፈር ወረቀት ላይም «ለቀዶ ጥገና» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ ናሙናው፣ የዕጢው ልክ፣ የብብቱ ሁኔታ ይስፈር።

የገፋ የጡት ካንሰር የሰውነት ሁሉ በሽታ ነው፤ ለሰውነት ሁሉ የሚደርሰው ሕክምና ይቅደም። የመጀመሪያው ጠብታ መድኃኒት ደሟ ውስጥ የገባ ሰዓት ሕክምናዋ ተጀምሯል፤ አንድም ቀን አልዘገየም። የሚያዘገያት መጀመሪያ ቆርጦ፣ ቀሪውን ለዕድል ትቶ ወደ ቤቷ የሚመልሳት ምክር ነው። ባል ሆይ፣ እህት ሆይ፣ ከአዲስ አበባ የምትደውል ልጅ ሆይ፦ «መቼ ይቆረጣል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ናሙናው ምን አለ? የትኛው መድኃኒት ይቅደም?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢላው አይቀርም፤ ተራው ሁለተኛ ነው።